ሁለት ክላክስ በጣውላ ቤቱ ጥግ

ጥር 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬንም የበላው ሞተር ነውና አልቀየመውም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያበላኝ ኖሮ እሱ ጥቂት ቢቀምሰኝ ምን ይባላል። እናትህም ደህና ናት፤ ከስፌት ቤቷ አልቀረችም፣ ስምህን ሳታነሳም አትውልም።

«ጋሼ ለምን በስልክ አያናግረኝም» ብለህ መክሰስህን ሰምቻለሁ። ስልክ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው የሚሰማኝ የሚፈላ ውሃ ነው። እናትህን እሁድ እሁድ በስልክ አጫውታት፣ እኔን በወረቀት ቻለኝ። ፖስታው ሦስት ሳምንት ቢፈጅም ወረቀት አይጮህብኝም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ማክሰኞ የስምሪት ክፍሉ ሾፌሮችን ሁሉ አዳራሽ ሰብስቦ ግድግዳ ላይ የአዲስ አውቶቡስ ሥዕል አሳየን። መሪ የለውም። ወንበርም የለውም፣ የሾፌሩን ማለቴ ነው። የዘጠኝ ቁጥሩ ሾፌር እጁን አውጥቶ ተሳፋሪ ሲጣላ ማን ሊገላግል ነው ብሎ ቢጠይቅ አዳራሹ ሳቀ፤ መድረክ ላይ ያለው ልጅ ግን አልሳቀም። መንገዱን ያጨናነቀው ሰው ነው አለን። ሰው ይደክማል፣ ይናደዳል፣ ያገኘውን ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላል፤ አዲሱ አውቶቡስ ግን በሰዓቱ ከመድረስ በቀር ሌላ ሐሳብ የለውም። ሰላምታ መንገድ እንደሚዘጋ በስተርጅና ተማርኩ።

የሚጀመረው በኔው መስመር ነው፣ በአሥራ አራት ቁጥር። ከራሴ በላይ አንዲት ጥቁር ሣጥን ገጥመውልኛል። ሦስት ወር አነዳዴን ትቀዳለች፤ ከዚያ እኔ እወርዳለሁ፣ የቀዳችው ይነዳል። ቅጂው ሁሉ የሚላከው አንተ ወዳለህበት መሥሪያ ቤት መሆኑን ስሰማ መጀመሪያ ኮራሁ፣ ቀጥሎ አመመኝ። ቢላዋውን የምትስለው አንተ፣ አንገቱ የኔ። ይሁን፤ ጡረታዬ ደርሷል፣ ለራሴ አልለምንም።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በሰባተኛውና በስምንተኛው ፌርማታ መካከል፣ ጣውላ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ያ ብስክሌት የተማርክበት ቦታ፣ አንድ ፌርማታ አስደርግልኝ። አውቶቡሱ እዚያ ይቁም። መንገዱ ከሰፋ ወዲህ ሦስት ረድፍ መኪና ባንድ አቅጣጫ ይፈስበታል፣ ሰው መሻገሪያ አጥቷል። ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። አደራህን።

አጎትህ፣ የአሥራ አራት ቁጥሩ


የካቲት 5

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ባለፈው እሁድ «ፎቶህን አየሁት፣ ከስተሃል» አለችኝ። ሰባት ኪሎ ጨምሬያለሁ፤ መቼም ለእናት ልጇ ወፍሮ አይታያትም።

የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ስድስት ነን፤ እያንዳንዳችን ፊት ሦስት ሦስት ስክሪን ተደርድሯል። ረግጫቸው የማላውቃቸውን ከተሞች መንገድ በቃሌ አውቃለሁ፤ የጎረቤቴን ስም ግን አላውቅም። ሥራዬ ማጽዳት ይባላል። ሾፌሮች ሲነዱ ከተቀዳው ውስጥ የመንገዱን ጠባይ አስቀርቼ የሾፌሩን ዓመል አወጣለሁ። የዘጠኝ ቁጥሩ ወዳጅዎ በቀን ሁለት ጊዜ ዳቦ ቤት ይቆማል፤ እንዳይነግሩበት።

የእርስዎን ቅጂ ራሴ ለምኜ ወሰድኩት። ፍሬን አያያዝዎን እዚህ ለአዲስ ሠራተኞች ያሳዩበታል፣ ደረቴ ተነፋ። አንድ ነገር ብቻ አለ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ጣውላ ቤቱ ጥግ ሲደርሱ አውቶቡሱን ወደ ግራ አጋድመው ሦስቱንም ረድፍ ይዘጋሉ፤ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋሉ፤ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ይቆማሉ። ብዙ ሰው ይጠቀማል ብለውኛል። ጋሼ፣ እኔ የማየው አንድ ሰው ነው። በኛ ስክሪን ላይ ሰው ፊት የለውም፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ ተብሎ ግራጫ ሣጥን ይደረጋል። አንዲት ግራጫ ሣጥን በቀስታ መንገዱን ታቋርጥና ትሳፈራለች። ቀሚስ መልበሷ ከሣጥኗ ወርድ ያስታውቃል፣ ሴት ናት።

ይቅር ይበሉኝና፣ በስተርጅና ውሽማ ይዘው ይሆን? ለእማዬ አልነግርብዎትም።

ቀልዱን ትቼ፣ ይህን ለአለቆቼ ማስረዳት አልችልም። ለአንድ ሰው ተብሎ ዘጠና ተሳፋሪ አይቆምም። ሴትዮዋም ትንሽ ሰነፍ ሳትሆን አትቀርም። እማዬ በስልሳ ሦስት ዓመቷ የእግረኛውን ድልድይ ወጥታ ወርዳ ሰባተኛው ፌርማታ ድረስ በየቀኑ ትሄዳለች፣ ራሷ ነግራኛለች። ያቺ ሴት ከእሷ ትማር። ነገር ግን በቂ ምክንያት ካለ ይጻፉልኝ። መስመሩ የሚቆለፈው በመጋቢት መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ማንሳትም አይቻልም።

እጅዎን እስማለሁ፣
የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 2 (ያልተላከ)

የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታውን ልዝለለውና የሆዴን ልናገር። ያቺ ሰነፍ ያልካት ሴት እናትህ ናት።

ዓይኗ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ የመርፌውን ቀዳዳ አጣች፣ ቀጥሎ ጨርቁን፣ ቀጥሎ እኔን። ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለን። ስፌት ቤቱ ግን አላሰናበታትም። መስፋቱን ትታ የሸሚዝ ቁልፎች እየዳበሰች በመጠን በመጠናቸው ትለያለች፤ ዓይን ካላቸው ትፈጥናለች፣ በዚህም ትኮራለች። ፎቶህ ሲመጣ ጎረቤቷ ናት የምታይላት። «ከስተሃል» የምትልህ ከራሷ ነው፤ እናት ሁሉ የምትለው ስለሆነ አይነቃብኝም ብላ ነው።

ድልድዩን አስሞክሬያት ነበር። አርባ ስድስት ደረጃ ይወጣል፣ አርባ ስድስት ይወረዳል። በሦስተኛው ቀን ተንከባልላ እጇ ተሰበረ። ላንተ በስልክ ጉንፋን ይዞኝ ነው ያለችህ ያን ሰሞን ነው።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ሕግ አወጣሁ። ጣውላ ቤቱ ጥግ ስደርስ አውቶቡሱን አጋድሜ ረድፉን ሁሉ እዘጋለሁ። መዘጋቱን በዓይኔ ሳረጋግጥ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደርጋለሁ። እቴቴ፣ ተዘግቷል፣ ነይ ማለት ነው። ያን ሳትሰማ እግሯን አታነሳም፤ ከሰማች ደግሞ አታመነታም። እጇን ወደፊት ዘርግታ ትመጣና መዳፏ የአውቶቡሱን ግንባር ሲነካ በዚያው እየዳበሰች ዞራ በሩ ጋ ትደርሳለች። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ይሰድበኛል፤ ደግነቱ አልሰማም። ማታ በወዲያኛው ጎዳና ስለምትመለስ መሻገር የለባትም።

ላንተ እንዳልነግርህ አስምላኛለች። «ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። የኔ ዓይን መጥፋቱ ሳያንስ የሱ ዕድል ይጥፋ? ከነገርከው ቀብሬ ላይ እንዳትቆም» አለችኝ። ታላቄ ናት፣ ማልኩ። እኔን አዝላ ያሳደገችኝን ሴት በምን አፌ እምቢ እላለሁ። አሁን ይህን ብልከው መሐላዬን ማፍረሴ ነው፣ ባልልከው ደግሞ


መጋቢት 2 (የተላከ)

ለምወድህ የእህቴ ልጅ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥህ። ውሽማ ማለትህ አስቆኛል፤ በዚህ ጆሮዬ ውሽማ ብይዝ የምትለኝን በምን እሰማታለሁ።

ሴትዮዋ ሰነፍ አይደለችም። ዘመድ ናት ማለት ይቻላል። እግሯን ያማታል። ምክንያት ጻፍ ላልከኝ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አታስለፍልፈኝ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አውቶቡሱ እዚያች ጥግ ይቁም፤ ሌላ ምንም ነገር ከአንተ አልፈልግም። የጠየቅሁህ ካሳ እንደሆነ ቁጠረው፣ በሚያዝያ መሪዬን እየሰጠሁህ ነውና።

እናትህ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች። ድልድዩንም ትወጣለች።

አጎትህ


መጋቢት 27

ይድረስ ለጋሼ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ ጠዋት ይዤው አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። የእግር ሕመም አይበቃም አለኝ። እግራቸውን ለሚያማቸው በስልክ የሚጠራ ትንሽ መኪና በሚመጣው ዓመት ይጀመራል፤ እስከዚያ ሴትዮዋ ትታገስ። መስመሩ ሊቆለፍ የቀረው ሦስት ቀን ነው። በሦስት ወር ውስጥ የተቀዳውን የጣውላ ቤቱን ጥግ ማቆሚያ ሁሉ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ስልሳ አንድ ጠዋት ነው። እጄ እየከበደኝ ነው የሰረዝኩት፣ ይመኑኝ።

ባዶ እጄን ግን አልመጣሁም። አንድ ነገር ሰረቅሁልዎት። አዲሱ አውቶቡስ ክላክስ የሚፈቀድለት ለአደጋ ብቻ ነው። እኔ ጥጉን የማስጠንቀቂያ ቦታ ብዬ መዘገብኩትና ሁለት ክላክስ አስገባሁበት። ከሌላ ቦታ ያመጣሁት እንዳይመስልዎ፤ ከእርስዎ ቅጂ ቆርጬ ያስገባሁት የራስዎ ክላክስ ነው። ሥራው ሚያዝያ 14 ሰኞ ይጀመራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ አውቶቡሱ ጥጉን ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ሰላም ይላል። ሰላምታ መንገድ ይዘጋል ላለዎት ልጅ መልስ ይሁነው።

አደራ፣ ለእማዬ እንዳይነግሯት። እኔም በስልክ አፌን ይዣለሁ። ድንገት ስትሰማው ወንድሟ ከመንገዱ እንዳልጠፋ ታውቃለች።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 17

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ያጽናህ። ጎረቤት ደውላልህ ሰምተሃል፤ የኔ ግዴታ እንዴት እንደሆነ መንገር ነው።

ሰኞ ጠዋት ነው። እሁድ ቤቷ ሄጄ ከነገ ጀምሮ እኔ አውቶቡሱ ላይ የለሁም፣ አውቶቡሱም አይቆምም፤ ጥጉ ላይ ጠብቂኝ፣ እጄን ሳትይዢ ንቅንቅ እንዳትይ፣ በድልድዩ አብረን እንወጣለን ብያታለሁ። እሺ አለችኝ፤ አላጉረመረመችም። እኔ ደግሞ ሰኞ ዕለት ዴፖ ሄጄ ዩኒፎርሜን ማስረከብ ነበረብኝ። ዕቃ ቤቱ ኮፍያህ ጎደለ ብሎ አቆመኝ። በኮፍያ ምክንያት አሥር ደቂቃ ዘገየሁ።

ከድልድዩ ስወርድ አየኋት። ጥጉ ላይ ቆማለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ደህና ናት። አርባ እርምጃ ያህል ቀርቶኛል። አውቶቡሱ በወዲያኛው ረድፍ እየመጣ ነበር። ድንገት ቀና አለች፤ ፈገግ አለችና ወደ መንገዱ ገባች። ለምን እንደገባች አላውቅም። ጮህኩ፤ መጮሄን የማውቀው ጉሮሮዬ ስለቆሰለ ነው። የመጀመሪያው መኪና ሳታት። ሁለተኛው አልሳታትም።

በዚያው ቀን ቀበርናት። ከእኔ መዘግየት ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

አጎትህ


ግንቦት 10

ይድረስ ለጋሼ፣

ራስዎን አይውቀሱ ልል ጀምሬ ነበር፤ አልቻልኩም። ለቀብሯ አልደረስኩም። ፈቃድ ሰጥተውኛል፣ በሰኔ መጨረሻ እመጣለሁ። እስከዚያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንቅልፍ የለኝም።

የአደጋው ቅጂ ወደ እኛ ክፍል መጣ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይመልከተው ተባለና ለእኔ ሰጡኝ። እናቴ መሆኗን አልነገርኳቸውም። ከመሥሪያ ቤቱ የወጣው ወረቀት አጭር ነው፦ አውቶቡሱ ረድፉን አልለቀቀም፣ ጥፋት የለበትም፣ ስምንተኛው ፌርማታ በሰዓቱ ደርሷል ይላል።

አደጋ ሲሆን የሰው ፊት አይሸፈንም። ስለዚህ አየኋት። አውቶቡሱ ክላክሱን ያሰማል። እሷ ቀና ትላለች። ከዚያ ቀኝ እጇን ወደፊት ዘርግታ፣ መዳፏን ከፍታ፣ ወደ መኪናው መሐል ትሄዳለች። መኪናዎቹን አታይም። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን ወደምንም አይመለከትም።

አሮጌውን ቅጂ ከቆሻሻ መጣያው መልሼ አወጣሁት። ስልሳ አንዱን ጠዋት ተራ በተራ ከፈትኩ። ግራጫዋ ሣጥን ስትሻገር ከፊቷ ትንሽ ብቅ የምትል ነገር አለች። እኔ ቦርሳ መስላኝ ነበር።

ጋሼ፣ እጇን ለምን ዘረጋች?

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 3

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ይህን የምታነብበትን አቅም ይስጥህ። ከዚህ ጋር ያያዝኩልህ ወረቀት መጋቢት ሁለት ቀን ጽፌ መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት ነው። መጀመሪያ እሱን አንብብ። የጠየቅከኝ ሁሉ መልሱ እዚያ ነው፤ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አልጨረስኩትም ነበር፣ አሁንም አልጨርሰውም።

አነበብከው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ አውቃለሁ። በመጋቢት ልኬው ቢሆን መስመሩ ሳይቆለፍ ይደርስህ ነበር። ስንት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ሦስት ቀን ይተርፍ ነበር።

እኔ ለምን እንደገባች ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የጣውላ ቤቱ ዘበኛ በቀብሩ ማግስት መጥቶ እያለቀሰ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ከንፈሩን እያየሁ ነው የሰማሁት። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገ፣ እሷም «ወንድሜን መልሰውታል» አለችና ሄደች አለኝ። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ይጠጣልና አላመንኩትም። አውቶቡሱ ሲያልፍ እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ምንም አልሰማሁም። ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን የአንተ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ያ ሁለቱን ክላክስ የሰረቅህልኝ። አንብቤ ዘበኛው ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ላንተ ላለመጻፍ አስቤ ነበር። ጉዳዩን ከእኔ ጋር ልቀብረው። ግን እጇን ለምን ዘረጋች ብለህ ጠየቅህ፤ ለዚህ ጥያቄ ውሸት አጣሁለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እሷ በሽታዋን ደበቀች፣ እኔ እሷን ደበቅሁ፣ አንተ ስጦታህን ደበቅህ። ሦስታችንም ደግ ያደረግን መስሎን ነው። ተናድጄብህ አውቃለሁ፣ አልዋሽህም፤ ሁለት ሌሊት ሙሉ ረግሜሃለሁ። ከዚያ ኮፍያው ትዝ አለኝና እርግማኔን መልሼ ለራሴ ወሰድኩት። መሐላዬን ጠብቄ ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ፤ ምን እንደጠቀመን ግን አላውቅም።

የቁልፍ ሣጥኗን ስፌት ቤቱ ሰጥቶኛል። ሁሉም በየመጠኑ ተለይቷል፣ አንድ የተሳሳተ የለበትም። ስትመጣ ትወስደዋለህ።

በጥር ፌርማታ ለምኜህ ነበር። እሱን ትቼዋለሁ፣ የሚቆምለት ሰው የለም። አሁን የምለምንህ ክላክሱን እንድታነሳው ነው። እንዴት እንደምታደርገው አላውቅም፤ እንዳስገባኸው አውጣው። ሰፈሩ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ሲሆን መስኮት ይዘጋል። ጎረቤቷ ያን ሰዓት ከቤት መውጣት ትታለች።

እኔ በየጠዋቱ ጥጉ ላይ እቆማለሁ፣ ሌላ ሥራ የለኝም። አልሰማውም። ዘበኛው አጠገቤ ይቆማል፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በዚያ ጮኸ ብዬ አውቃለሁ። ያነሳኸው ቀን መጻፍ አያስፈልግህም። አውቶቡሱ ያልፋል፣ የዘበኛው ዓይን ክፍት ይሆናል፤ እኔም አይቼ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

አጎትህ